ዲሹን ከማዞራችሁ በፊት

በዚህ እትም ስለ ቲቪ የጻፋችሁልኝን ሰብስቤ እመልሳለሁ። ደብዳቤዎቹን ሳነብ አብዛኞቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር አድርጋችኋል። ስዕሉ መቆራረጥ ሲጀምር ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ዲሹን አዙራችኋል። እባካችሁ ተዉት። ለወራት ንቅንቅ ሳይል ሲሠራ የኖረ ዲሽ በአንድ ሌሊት አቅጣጫ አይስትም። ንፋስ ወይም ሰው ካልነካው ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። እናንተ ስታዞሩት ግን አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ የትኛው የመጀመሪያው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ወደ ጥያቄዎቹ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከቻናሎቻችን ግማሽ ያህሉ ጠፍተዋል። የቀሩት ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። ቤት ካደስን ወዲህ ነው የጀመረው። ሪሲቨሩ ወደ ሌላ ክፍል ስለተዛወረ ኬብል ቀጥለንበታል። የመጣው ባለሙያ ዲሹ ፊት ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢው፣ ተቃጥሏል ብሎ ቀየረልን። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ሪሲቨሩን ቀይሩ እያለን ነው። ምን ይሻላል?»

ለጊዜው ምንም አትቀይር፣ ወንድሜ። ፍንጩን ራስህ ጽፈኸዋል። ኬብል ቀጥለናል ብለሃል፣ ግማሹ ጠፋ ብለሃል። እነዚህን ሁለቱን እናገናኛቸው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። የጠፉትን ቻናሎች በአንድ በኩል፣ ያሉትን በሌላ በኩል ጻፍ። ሪሲቨሩ ላይ የቻናሉን መረጃ ስትከፍት ከፍሪኩዌንሲው አጠገብ «ኤች» ወይም «ቪ» የሚል ፊደል ታያለህ። ሆሪዞንታልና ቨርቲካል ማለት ነው፤ ሞገዱ አግድም ወይስ ቁልቁል ሆኖ እንደሚመጣ የሚነግር ነው። የጠፉት በሙሉ «ኤች» ከሆኑ፣ ከደብዳቤህ ተነስቼ እንደሚሆኑ እገምታለሁ፣ ነገሩ የቮልት ነው።

ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሪሲቨሩ ነው። ሲግናሉ በሚወርድበት በዚያው ኬብል ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣል። ቨርቲካል ቻናል ስትከፍት ሪሲቨሩ 13 ቮልት ይልካል። ሆሪዞንታል ስትከፍት 18 ይልካል። ኤልኤንቢው የትኛውን እንደምትፈልግ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። እንግዲህ 18 ቮልት ከሪሲቨሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ቢደክምስ? ላይ ሲደርስ 14 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤልኤንቢው ቨርቲካል የተጠየቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ሆሪዞንታሎቹ በሙሉ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ቨርቲካሎቹ ምንም አይሆኑም። ኤልኤንቢ ብትቀይር አዲሱም ያንኑ የደከመ ቮልት ነው የሚያገኘው።

ታዲያ ቮልቱን ማን በላው? አንደኛው ተጠርጣሪ መቀጠያው ነው። የኬብሉን የመሃል ሽቦ በእጅ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ይኼ ለመብራት ሽቦ እንኳን አይመከርም፤ ለሲግናል ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። መቀጠል የግድ ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ኤፍ ኮኔክተር የሚባለውን የኬብል ጫፍ መግጠሚያ አስገብቶ በመካከላቸው መገናኛ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኬብሉ ራሱ ነው። ማግኔት አለህ? የስፒከር ማግኔት ይበቃል። ከኬብሉ ጫፍ የወጣውን የመሃል ሽቦ አስጠጋው። ከያዘው ሽቦው ውስጡ ብረት ነው፤ መዳቡ ላዩ ላይ የተቀባ ብቻ ነው። ለሲግናሉ ይህ ብዙም ችግር የለውም። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሽቦው ገጽ ላይ ስለሚሄድ ስስ መዳብ ይበቃዋል። የኤልኤንቢው ቮልት ግን በሽቦው ሙሉ ውፍረት ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ብረት ደግሞ ከመዳብ የባሰ ይቋቋመዋል። ኬብሉ አጭር ሲሆን አይታወቅም። ስታረዝመው ይታወቃል። እናንተም ያረዘማችሁት በቅርቡ ነው።

ባለሙያህ ምናልባት በቴስተር ለክቶ 18 አግኝቻለሁ ይልህ ይሆናል። የለካው ኬብሉን ከኤልኤንቢው ነቅሎ ከሆነ ያ ቁጥር አይታመንም። ምንም ነገር ኤሌክትሪኩን ሳይስብ መጥፎ መቀጠያም ሙሉ ቮልት ያሳያል። የሚወድቀው ኤልኤንቢው ተገናኝቶ መሳብ ሲጀምር ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ሪሲቨሩንና ትንሽ ቲቪ ይዞ ወደ ዲሹ መጠጋትና በአጭር፣ ባልተቀጠለ ኬብል ማገናኘት ነው። ሆሪዞንታሎቹ ከመጡ ጥፋቱ ኬብሉ ነው። በአጭር ኬብልም ካልመጡ ሪሲቨሩ 18 መላክ አቅቶት ይሆናልና ከሰው ሪሲቨር ተውሰህ ሞክር። ባለሙያህ ልክ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠፉት «ኤች»ም «ቪ»ም ሆነው፣ ፍሪኩዌንሲያቸው ግን ሁሉም ከ11700 በላይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብተህ የኤልኤንቢው ዓይነት 9750/10600 መሆኑን፣ 22 ኪሎኸርዝ የሚለውም «አውቶ» ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ይህን ደግሞ ልጆች ሪሞት ሲነካኩ ያበላሹታል።

«ወንድሜ፣ እኛ ቤት ዝናብ ከመጣ ቲቪ የለም። ዝናቡ ካቆመም በኋላ አይመለስም። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ከቆየች ነው የሚመጣው። ልጄ ዝናብ ሲሆን የሁሉም ሰው ቲቪ ይጠፋል ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ልጅዎ ግማሹን ልክ ነው፣ እናቴ። አብዛኞቹ የቤት ዲሾች የሚቀበሉት ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ሞገድ የዝናብ ጠብታ ይመጠዋል፣ ይበትነዋልም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ደቂቃ መጥፋት ስለዚህ ያለ ነው። ትልልቆቹ የሲ ባንድ ዲሾች የሚቀበሉት ሞገድ ረዘም ስለሚል ዝናብ ብዙም አያስቸግራቸውም።

ግን ልብ ይበሉ። ደመናው ካለፈ ሲግናሉ ወዲያው መመለስ አለበት። ሰማይ ላይ የሚደርቅ ነገር የለም። የእርስዎ ቲቪ ፀሐይ የሚጠብቀው እቤትዎ የሚደርቅ ነገር ስላለ ነው። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ኬብሉ ከኤልኤንቢው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የኤልኤንቢው የፊት ክዳን ተሰንጥቆ ወይም ወፍ ጎድቶት ይሆናል።

ልጅዎ ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀልና ያንን ጫፍ ይፍታው። ሪሲቨሩ ሳይነቀል እንዳይነካው፤ ሽቦዎቹ ቢነካኩ ሪሲቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የኬብሉን ሽፋን ትንሽ ገፍፎ ከሥር ያለውን የሽቦ መረብ ይመልከት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል። ጫፉን ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር ማስገባት የሚሠራው ጉዳቱ እዚያው ጫፍ ላይ ከቀረ ነው። እየቆረጠ ሄዶ ውስጡ እንደጠቆረ ከሆነ አይድከም፤ ውሃ በመረቡ ውስጥ እየሰረገ ሩቅ ይሄዳል። ኬብሉ በሙሉ ይቀየር።

አዲሱ ሲገባ ከኤልኤንቢው ሥር ኬብሉ መጀመሪያ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይታጠፍ። ውሃው ከእጥፋቱ ሥር ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ አይሄድም። ወደ ቤት በሚገባበት ቀዳዳ አጠገብም እንደዚሁ። ኮኔክተሩ ላይ የሚለጠጥና እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅለልበት። ተራ ናስትሮ ብቻውን ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል፤ ከዚያማ ውሃ ይዞ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ዝናብ ሲያካፋ ጭምር የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ዲሹ ቀድሞውኑ በደንብ አልተስተካከለም። ያን የሚመለከተው የሚቀጥለው ደብዳቤ ነው።

«ጋሼ፣ ቤት ስለቀየርን ዲሹን ራሴ እየሠራሁት ነው። ሲግናል 95 ያሳያል። ኳሊቲው ግን ዜሮ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ሲግናሉ 95 ሆኖ እንዴት አንድ ቻናል እንኳን አይመጣም?»

ራስሽ መሥራትሽ ደስ ብሎኛል፣ እህቴ። 95ቱን ግን እርሺው። እሱ ቁጥር ኬብሉ እንደተገናኘና ኤልኤንቢው እንደሚሠራ ነው የሚነግርሽ። ዲሹን ግድግዳ ላይ ብትደግኚውም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ኤልኤንቢው የራሱንም የአካባቢውንም ጫጫታ አጉልቶ ይልካል፤ ሪሲቨሩ ያንን ሁሉ ሲግናል ብሎ ይቆጥረዋል። ኳሊቲው የሚለው ሌላ ነው፤ ከዚያ ጫጫታ ውስጥ የፈለግሺውን ለይቼ አነበብኩ ማለቱ ነው። የምትሠሪው በኳሊቲው ብቻ ነው።

ችግርሽ ምን ያህል ጠባብ ነገር እንደምትፈልጊ ላሳይሽ። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዲሽሽ አንድ ዲግሪ ቢዛነፍ እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ሰማይ ላይ የሚያየው ስፋት ደግሞ ወደ ሁለት ዲግሪ ነው። አንዳንዶቹ ሳተላይቶች ጎረቤታቸው በዚያው ሁለትና ሦስት ዲግሪ ውስጥ አለ። ሌላ ሳተላይት ላይ አርፈሽም ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ በአሁኑ ጊዜ የሚሠራና ጠንካራ የሆነ አንድ ፍሪኩዌንሲ አስገቢ። ፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም ከላይ ያልኩት «ኤች» ወይም «ቪ»፣ እንዲሁም ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚጻፈው ሲምቦል ሬት የሚባለው ቁጥር ትክክል ይሁን። በቆየ ዝርዝር ላይ ያለ፣ ተዘግቶ የቀረ ፍሪኩዌንሲ ይዘው ቀኑን ሙሉ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ዲሹ ፍጹም ትክክል ቢሆንም ኳሊቲ አይመጣላቸውም።

ከዚያ ምሰሶውን በውሃ ልክ ለኪ። ይህን ማንም አይለካም፤ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ምሰሶው ቀጥ ካለ ዲሹን ወደ ጎን ስታዞሪ ከፍታው አብሮ አይለወጥም። ምሰሶው ካዘመመ ግን በአንዱ ስትሄጂ ሌላው ይበላሻል፤ ግማሽ ቀን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ከፍታውን በግምት አድርገሽ ዲሹን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው በጣም በዝግታ አንሸራቺው። በጣም በዝግታ ስልሽ ትንሽ ነክተሽ፣ እጅሽን አንስተሽ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቀሽ ማለቴ ነው። ሪሲቨሩ ሲግናል ለማንበብ ጊዜ ይወስዳል። አንቺ ከፈጠንሽ ትክክለኛውን ቦታ አልፈሽው ትሄጃለሽ፣ ቁጥሩም ንቅንቅ አይልም። ካልመጣ ከፍታውን በጥቂቱ ቀይሪና እንደገና ከጎን ወደ ጎን። ኳሊቲ ከመጣ በኋላ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ ትንሽ ግራና ቀኝ ጠምዝዢው፤ እዚያም ላይ የሚጨመር ቁጥር አለ። ብሎኖቹን ስታጠብቂ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። እያፈራረቅሽ፣ ጥቂት ጥቂት፤ ማጥበቁ ራሱ ዲሹን ይጎትተዋል። ዓይንሽ ቁጥሩ ላይ ይሁን።

ስልክሽ ላይ ያለውን ኮምፓስ ከተጠቀምሽ ከዲሹና ከቆርቆሮው ራቅ ብለሽ ቁሚ። ብረት አጠገብ ኮምፓስ ይዋሻል።

ስዕሉ ስለጠራ ብቻ ደግሞ አትውረጂ። ዲጂታል ስርጭት እንደ ድሮው ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ ልክ እንደ ገደል ነው። ጠርዙ ላይ ሆነሽም ስዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ እርምጃ ሲቀጥል ግን ምንም የለም። ዝናብ ሲያካፋ የሚጠፋባቸው ቤቶች ብራ ቀን ላይ ጠርዙ ላይ የነበሩ ናቸው። ኳሊቲው ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር እስኪደርስ ድረስ ሥሪ።

«እኛ የምንጠቀመው በአንቴና ነው። ማሰራጫው ማማ ከቤታችን ይታያል። አንዳንድ ቻናል ስለሚቆራረጥ ቡስተር ገዛሁ። አሁን የነበሩትም ጠፉ። ቡስተሩ ብልሽት አለበት ማለት ነው?»

ቡስተሩ ሳይሆን አይቀርም ጤነኛ ነው። አያስፈልግዎትም ነበር እንጂ።

እኔ ቡስተር የሚባለውን ዕቃ ሁሌም በጥርጣሬ ነው የማየው። ጥሩ ሲግናልና ጫጫታ አንድ ላይ ሲመጡለት ሁለቱንም እኩል ያጎላል። ከጫጫታ ለይቶ የሚያወጣው ነገር የለም። ማማው በሚታይበት ቤት ደግሞ ሲግናሉ ቀድሞውኑ ኃይለኛ ነው። እሱን ሲያጎሉት የቲቪው መቀበያ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና ደህናዎቹንም ማንበብ ያቅተዋል። ይንቀሉት። እንዲያውም ቀድሞ ይቆራረጥ የነበረው በዚያው በኃይለኛነቱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ሲግናል የሚቀንሰው አቴኑዌተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው።

ቡስተር ጥቅም የሚሰጠው ከማሰራጫው ሩቅ ላለ፣ ረጅም ኬብል ላለው ወይም አንዱን አንቴና ለብዙ ቲቪ ለሚያከፋፍል ቤት ነው። ሁለት መውጫ ያለው ስፕሊተር ለእያንዳንዱ ቲቪ ከግማሽ ያነሰ ኃይል ነው የሚሰጠው። አራት መውጫ ያለው ከሩብ ያነሰ። ያን ለማካካስ ይገባል። ቦታው ግን ከአንቴናው ሥር ነው፤ ሲግናሉ በኬብል ሳይደክም። ከቲቪው ጀርባ የሚሰካው ከደከመ በኋላ ነው የሚያገኘው።

ቻናሎቹ አሁንም ከተቆራረጡ አንቴናውን ይመልከቱ። ዘንጎቹ የተኙ ናቸው የቆሙ? የጎረቤት አንቴናዎች እንዴት እንደሆኑ አይተው እንደነሱ ያድርጉ። ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያንቀሳቅሱት። የዚህ ስርጭት ሞገድ ርዝመት ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይቺ ትንሽ ለውጥ ብዙ ነገር ትቀይራለች። ከግድግዳና ከቆርቆሮ የሚመለሰው ሲግናል በአንዱ ነጥብ ላይ ያዳክማል፣ በሌላው ያግዛል። ባንቀሳቀሱ ቁጥር ቻናሎቹን እንደገና ስካን ያድርጉ። የአንቴናው ቦታ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ግን ብዙ አይልፉ፤ ወደ ውጭ ያውጡት።

በአካባቢዎ በቅርቡ የሞባይል ማማ ተተክሎ ከዚያ ወዲህ የመጣ ከሆነም ይጠርጥሩ። የ4ጂ ኔትወርክ በአንዳንድ አገር በ700 እና በ800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ የቲቪው ስርጭት ከ470 ጀምሮ ወደዚያው የሚደርስ ነው። ለእሱ ማጣሪያ አለው፤ አንቴናው ላይ ይገጠማል።

«በሳሎንና በመኝታ ቤት ሁለት ሪሲቨር አለን። ከአንድ ኤልኤንቢ በስፕሊተር ነው የተከፈለው። ባለቤቴ ቻናል ስትቀይር የእኔ ይጠፋል።»

ከላይ ስለ 13ና 18 ቮልት ያልኩትን ያንብቡ። ሁለቱ ሪሲቨሮች አንዱን ኤልኤንቢ በየፊናቸው ያዙታል፤ እሱ ደግሞ የሚታዘዘው ለአንድ ነው። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ አስገብተው ለእያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን ኬብል ይዘርጉ። በአሁኑ ኤልኤንቢ ግን መላ የለውም፤ አንድ ቻናል አብሮ ማየት ካልሆነ።

«በየቀኑ እኩለ ቀን አካባቢ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋና ይመለሳል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ከሆነ ቀናት ተቆጠሩ።»

የጻፉልኝ በመስከረም ስለሆነ መልሱ ቀላል ነው። በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ በኩል ታልፋለች። ዲሹ ያን ጊዜ በቀጥታ ፀሐይዋን ነው የሚያየው። የሷ ጫጫታ የሳተላይቱን ሲግናል ይውጠዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ያበቃል። ምንም አይንኩ።

«አንድ ቻናል ብቻ ድምፁ ይሰማል፣ ስዕል የለውም። ሌሎቹ ደህና ናቸው።»

ሲግናልህ ምንም አልሆነም። ድምፁ ከደረሰ ስዕሉም ደርሷል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ሪሲቨርህ የስዕሉን አጨማመቅ አያውቀውም። ጣቢያው ወደ አዲስ ዓይነት ተሸጋግሮ ይሆናል። መጀመሪያ ቻናሉን አጥፍተህ እንደገና ስካን አድርግ። ካልሆነ የሪሲቨሩን ሶፍትዌር ማደስ፣ እሱም ካልሆነ ሪሲቨሩን መቀየር ነው። በዚህ ወር ሪሲቨር ቀይር የምለው ላንተ ብቻ ነው።

«ቲቪያችን አይሠራም። ምን ይሻለናል?»

ደብዳቤው ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም የለውም። ልረዳችሁ እፈልጋለሁ፣ ግን ከዚህ ተነስቼ አልችልም። የጠፋው ሁሉም ነው ወይስ ጥቂቱ? ጥቂቱ ከሆነ የነዚያን ፍሪኩዌንሲና ፊደላቸውን ጻፉልኝ። የሚጠፋው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ዝናብ ወይም ንፋስ ሲኖር ነው ወይስ ዝም ብሎ? ኳሊቲው ሲሠራ ስንት ነው፣ ሲጠፋስ? ኬብሉ ምን ያህል ይረዝማል፣ የተቀጠለበት ቦታ አለ? ከመጥፋቱ በፊት ቤት ውስጥ የተቀየረ፣ የተዛወረ፣ የተቀባ ነገር ነበር? ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍም እንዳለ ገልብጡት። «ኤልኤንቢ ሾርት» የሚል ከሆነ መልሴን ሳትጠብቁ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉና የኬብሉን ሁለት ጫፎች እዩ። ከመረቡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተርፋ የመሃሉን ነክታ ይሆናል። በጥፍር ተነቅላ የምትወጣ ናት።